የላሚኔቷ ቪዛ

የሰፈሩ ሰው ትክክለኛ ስሟን ከረሳው ቆይቷል፤ ላሚኔት ነው የሚላት። «ላሚኔት ጋ ወስደህ አሳሽገው»፣ «ላሚኔት ዛሬ ከፍታለች?» ሲባባል ይውላል። እሷም በስሟ የሚጠራት ሰው ሲመጣ ዞር ከማለቷ በፊት ትንሽ ታስባለች። ሱቋ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ከተደረደሩት ጠባብ ክፍሎች አንዷ ናት። ውስጧ ፎቶ ኮፒ፣ የወረቀት መቁረጫ፣ አንድ በርጩማና ያቺ ትኩስ ማሽን ናቸው ያሉት፤ ከዚያ በላይ አንድ ነገር ቢጨመር ባለቤቲቱ ደጅ መቀመጧ ነው። ማሽኗ ወረቀቱን በሁለት ፕላስቲክ መሃል ትቀበልና አጣብቃ በወዲያ በኩል ትተፋዋለች።

መቼም እኛ ለወረቀት ስንሳሳ ለጉድ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ ዲፕሎማ፣ የክትባት ካርድ፣ የሟች አባት ፎቶግራፍ፣ ሁሉም በፕላስቲክ ካልታሸገ ልባችን አያርፍም። ዝናብ ያበላሸዋል፣ አይጥ ይበላዋል፣ ሕፃን ይስልበታል እንላለን። ይህን ፍርሃታችንን ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የታሸገውን ለደንበኛው ስታስረክብ ጫፉን በጥፍሯ መታ መታ ታደርግና «በል እንግዲህ፣ ይሄ እስከ ምጽአት ንቅንቅ አይልም» ትላለች። ኩራቷን ላየ ወረቀቱን የጻፈችው እሷ ትመስላለች።

ባሏንም ያገኘችው በዚያችው ማሽን ነው። ሰውዬው ከአውሮፓ የመጣ የውሃ ፓምፕ መካኒክ ነው። አንድ ቀን ግሪስ የጠጣ የፓምፕ መመሪያ ገጽ ይዞ መጣና እንድታሽግለት በምልክት ለመናት። በማግስቱ ሌላ ገጽ ይዞ መጣ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። መጽሐፉን በሙሉ ባንድ ጊዜ ማምጣት ሲችል በየቀኑ አንድ ገጽ ብቻ እየገነጠለ መምጣቱ ምን ማለት እንደሆነ ከሷ በቀር ሰፈሩ ሁሉ ገብቶት ነበር። መጽሐፉ ደግሞ ወፍራም ነበር።

አማርኛውን ያስተማረችው የላሚኔት አክስት ናት። ላሚኔት እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት ያሳደገቻት ይህችው አክስቷ ነበረች፤ መካኒኩም ሲመጣ እንደ ሁለተኛ ልጅ ይዛ አንደበቱን አቃናችለት። ስለዚህ ያ በር ላይ ጎንበስ ሳይል የማይገባ ረጅም ፈረንጅ የሚናገረው እንደ አሮጊት ነው። የሥራ ባልደረባው ጣቱን በመፍቻ ቢመታ «ውይ በሞትኩት! እኔን ይድፋኝ!» ብሎ ሠራተኛውን ሁሉ በሳቅ ይገድላል።

የተጋቡ ዕለት ማዘጋጃ ቤት ፈርመው የጋብቻ ምስክር ወረቀታቸውን ተቀበሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ፎቶ ይነሳል። እነሱ ቀጥታ ወደ ሱቅ ነው የሄዱት። እሷ ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች ማሽኗን አሞቀች፣ ለዳኞችና ለሐኪሞች ዲፕሎማ የምታስቀምጠውን ወፍራሙን ፕላስቲክ አወጣች፣ አክስቷና ጎረቤቶቿ በሩ ላይ ታጭቀው እያዩ ወረቀቱን አስገባችው። በወዲያ በኩል ጥርት ብሎ ሲወጣ ሁሉም አጨበጨበ። ባሏ እንባውን በመዳፉ ጠረገ። በዚያች ሰዓት ከነሱ መሃል አንድ እንኳ «ኧረ ተዉ፣ ነገ ማህተም ሊፈልግ ይችላል» የሚል ሰው አልነበረም። ቢኖርም በሟርተኛነት ከበር ይባረር ነበር።

አማቷ ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ሾፌር ናት። ድምጿ ሻካራ፣ ሳቋ ከደረቷ ውስጥ የሚወጣ ትልቅ ሴትዮ። ሁለቱ የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም። ሆኖም ላሚኔት ስልኳን የወረቀት መቁረጫው ላይ ታስደግፍና ሥራዋን ትሠራለች፤ ሴትዮዋም በወዲያ በኩል ስልኳን ስኳር ዕቃ ላይ አስደግፋ ባቄላ ትፈለፍላለች። አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ረጅም ሰዓት አብረው ይቀመጣሉ። አንዷ ቀና ስትል ሌላዋም ቀና ትላለች፤ ይሳሳቁና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ላሚኔት በሕይወቷ «እማዬ» ብላ የጠራችው ሰው ትዝ አይላትም። ይህችን ሴት ግን አንድ ቀን፣ ማንም ሳይሰማት፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጠርታታለች።

ከዚያ የሴትዮዋ ሳንባ ታመመ። ቤተሰቡ በየበጋው የሚከራየው የባሕር ዳር ቤት ነበረው፤ የላሚኔት ባል ልጅ ሳለ ጀምሮ የሚሄዱበት። ሐኪሙ «ይህን በጋ ወደ ባሕሩ ውሰዷት» አለ። ስለሚቀጥለው በጋ ምንም አላለም። ሴትዮዋ ነገሩ ገብቷት ኖሮ ለልጇ ደወለችና ሚስቱን ይዞ እንዲመጣ ነገረችው። ያችን ልጅ በስልክ መስታወት አየቻት እንጂ በእጇ ነክታት አታውቅም፤ ከጎኗ አስቀምጣ ባቄላ ልታስፈለፍላት ትፈልጋለች። ልጇ ይህን ሲተረጉም ድምፁ ተቆራረጠ።  ላሚኔት ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም፤ ሴትዮዋ ሳትሞት ደርሳ አጠገቧ መቀመጥ።

የቪዛውን ሕግ ባሏ አንብቦ ሲያስረዳት ነገሩ ቀላል መሰላት። የባሕሩ ቤት ያለው በባሏ አገር ሳይሆን በጎረቤት አገር ነው። ታዲያ ሕጉ ለአውሮፓዊ ዜጋ ሚስት፣ ወደ ባሏ አገር ስትሄድ ሳይሆን ወደ ሌላው የአውሮፓ አገር ስትሄድ ነው የሚራራው። ክፍያ የለም፣ የባንክ ማስረጃ የለም፤ የባል ፓስፖርት፣ የጋብቻ ማስረጃና ከባል ጋር መጓዟን የሚያሳይ ነገር ይበቃል።

«የባልሽ ቤት ከመግባት የጎረቤቱ ቤት መግባት ይቀላል ማለት ነው?» አለች አክስቷ።

«እንደሱ ነው እትዬ» አላት መካኒኩ።

«ታዲያ ምን ዓይነት ቤት ነው?»

«እኔም አላውቅ፣ ልጄ» አላት፣ ራሷ እንዳስተማረችው።

በቀጠሯቸው ቀን አብረው ሄዱ። ነገር ግን የማመልከቻ መቀበያው ቢሮ ከአመልካች በቀር ማንንም አያስገባም። ባሏ ከአጥሩ ሥር፣ ከሌሎች ባሎችና እናቶች ጋር ቆሞ ቀረ። እሷ በጋዜጣ ጠቅልላ የያዘችውን የጋብቻ ወረቀት ደረቷ ላይ አቅፋ ገባች። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ፊቷ ብሩህ፣ አነጋገሯ ለስላሳ ነበር። ወረቀቶቹን አንድ ባንድ እያየች ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። የጋብቻው ጋ ስትደርስ ገለበጠችው፣ እንደገና ገለበጠችው፣ በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው።

«ይሄ ዋናው ነው?»

«ዋናው ነዋ!» አለች ላሚኔት ደረቷን ነፍታ። «እኔው ራሴ ነኝ ያሸግኩት።»

«እንዲያው ምን ላድርግዎ» አለች ልጅቷ። «ከጀርባው የውጭ ጉዳይ ማረጋገጫ ማህተም ማረፍ ነበረበት። ፕላስቲክ ላይ ደግሞ አይመቱም። እኛም ያልተረጋገጠ አንቀበልም።»

ላሚኔት ክው አለች። ልጅቷ ድንጋጤዋን አይታ ኖሮ ወደ መስታወቱ ጠጋ አለች። «አይዞዎት፣ አዲስ አውጥተው ያረጋግጡትና ይምጡ፤ እኔ ያለ ቀጠሮ አስገባዎታለሁ። አማትዎ ታመዋል ያሉት... ባለቤትዎ ቀድመው ቢሄዱም ችግር የለውም። ሚስት አብራ መጓዝ ብቻ ሳይሆን ተከትላ መሄድም ትችላለች። እሳቸው እዚያ ይሁኑና እርስዎ ቪዛው ሲወጣ ይደርሱባቸዋል። ማመልከቻውን እንደዚያ አስተካክልልዎታለሁ።»

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች።

ከመስኮቱ እስከ በሩ ያለው መንገድ አጭር ነው። በዚያች አጭር መንገድ ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው። ላሚኔት ያደገችው በሚጠብቁ ሴቶች ቤት ነው። የአክስቷ ባል «ለትንሽ ጊዜ» ብሎ ወደ ውጭ ወጥቶ እንደወጣ ቀርቷል። አክስቷ ሸሚዞቹን በየሳምንቱ ትተኩስ ነበር፤ ላሚኔት በልጅነቷ የመጀመሪያ ሥራዋ ሸሚዞቹ ላይ ውሃ መርጨት ነበር። ስትተኩስ ስትተኩስ ሸሚዞቹ አንገታቸው ላይ ሳሱ፣ ማንም ሳይለብሳቸው ተቀደዱ። ባሏ ሻንጣ ይዞ ብቻውን ሲወጣ በዓይነ ሕሊናዋ መጣባት። እሱ እንደዚያ ሰውዬ እንዳልሆነ ታውቃለች። ማወቅ ግን ፍርሃትን አያባርርም፤ ከፍርሃት ጋር እልህ የተጋባ ሰው ይህን ያውቃል።

«እህስ?» አላት ከአጥሩ ሥር ብድግ ብሎ።

የፕላስቲኩን ነገር ነገረችው። «ውይ በሞትኩት!» አለና ራሱን ያዘ። ቀጥሎም ጠየቃት፤ «ታዲያ እኔ ልቅደም እንዴ? እናቴ...»

«አብረን ካልሄድን አይሆንም አሉ» አለችው።

ከአፏ ሲወጣ ለራሷም የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ተሰማት። እሱ አንገቱን ደፋ፤ «እሺ፣ አብረን እንሄዳለን» አላት። እጇን ያዘና ወደ ታክሲው ወሰዳት።

ከዚያ በኋላ ደጅ መጥናት ሆነ። የሰነድ ማረጋገጫው ሹም ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «እህቴ፣ ይሄን አሳ ይመስል በላስቲክ ማን ነው የጠቀለለው?» አላት። «እኔ ነኝ» ለማለት አፈረች። ወደ ማዘጋጃ ቤት ላካት። የማዘጋጃ ቤቷ መዝጋቢ ደግሞ ዋናው በእጅ እያለ ምትክ አይሰጥም አለች፤ ምትክ የሚሰጠው ለጠፋ ወይም ለተበላሸ ነው። «ተበላሽቷላ!» ስትላት መዝጋቢዋ ወረቀቱን ብርሃን ላይ አነሳችው። «የቱ ጋ? እንዲህ ያማረ የጋብቻ ወረቀት እኔ አይቼ አላውቅም።»

እሑድ ከሰዓት ሱቋን ከውስጥ ዘግታ ልትልጠው ተቀመጠች። ይህን ሥራ አንድ ቀን ሠርታው አታውቅም፤ ለጠየቋት ሁሉ «አይሞከርም» ስትል ነው የኖረችው። ጠርዙን በምላጭ ከፈተች፣ በፀጉር ማድረቂያ አሞቀች፣ ትንፋሿን ውጣ ጎተተች። ወረቀቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። የባሏ ፎቶ ከወረቀቱ ጋር ቀረ፤ የሷ ፎቶና ማህተሙ ከፕላስቲኩ ጋር ተነሳ። ስታየው ሳቅ መጣባት፤ ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። የገዛ እጇ ሥራ እንዲህ ሲፈርድባት ማንን ትውቀስ? ብቻዋን ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ ቁርጥራጩን ለመዝጋቢዋ ወሰደች። መዝጋቢዋ «አሁን ተበላሽቷል» ብላ ተቀበለቻት። የጋብቻ መዝገቦቹ ግን ወደ ኮምፒውተር ሊገለበጡ ሌላ ሕንፃ ተወስደው ነበር፤ ሲመለሱ ጠብቂ ተባለች። ጠበቀች። እግሯ እስኪቀጥን ተመላለሰች። ጠዋት ማዘጋጃ ቤት፣ ከሰዓት ሱቅ። ሰው ወረቀት ይዞ ሲመጣ «ማህተም ይፈልጋል? እርግጠኛ ነህ? እስቲ ነገ ተመለስ» ትለው ጀመር። ላሚኔት ማሸግ ተወች ተብሎ ተወራ።

በስልኩ መስታወት ውስጥ ደግሞ ሴትዮዋ ወደ ባሕሩ ቤት ተዛውራለች። አልጋዋን በመስኮቱ ሥር አድርገውላታል። ባቄላው ቀርቷል፤ እጇን ማንሳት ይከብዳታል። አጠገቧ ባዶ ወንበር ተቀምጧል፤ ሴት ልጇ ልብስ ልታስቀምጥበት ስትል በዓይኗ ትቆጣታለች። የወንበሩን ነገር ማንም መተርጎም አላስፈለገውም።

አንድ ማታ ባሏ ራት ሳይበላ ተነሳ። «ልሂድ» አላት። «እባክሽ እንደገና ጠይቂያቸው። ምናልባት ተሳስተው ይሆናል። እኔ ቀድሜ፣ አንቺ ከኋላ...»

ይህች እውነቱን የምትናገርበት ሁለተኛዋ በር ነበረች። በዚያች ሰዓት «አዎ፣ ይቻላል» ብትል ኖሮ የመጀመሪያውን ውሸት እንኳ አያነሳባትም ነበር። አንደበቷ ላይ መጣላት። ግን ይህን ያህል ጊዜ ካስጠበቅኩት በኋላ እውነቱን ብናገር በምን ዓይን ያየኛል ብላ መለሰችው። ውሸት እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ሲውል ሲያድር ለመናገር ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

«ጠይቄያቸዋለሁ» አለችው። «አንተ ከሄድክ የኔ ይሰረዛል ነው የሚሉት። ደግሞ መዝገቡ ሰሞኑን ይመለሳል፤ ትንሽ ነው የቀረን።»

አክስቷ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። እሱ ከወጣ በኋላ መጥታ ፊቷን ትክ ብላ አየቻት።  እሷ ያሳደገቻት ልጅ ናት፤ ፊቷ ላይ ያለውን ታነባለች።

እውነትም መዝገቡ ተመለሰ። ምትኩ ወጣ፣ ተተረጎመ፣ ማህተሙ አረፈበት። ላሚኔት እንደ ዕንቁላል በሁለት እጇ ይዛ መስኮቷ ላይ ላለችው ልጅ አስረከበች። ልጅቷም ቃሏን ጠብቃ ያለ ቀጠሮ አስገባቻት። በሩ ላይ ባሏ አቀፋት፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ። የሻንጣ ዋጋ እየጠየቁ ገበያ ለገበያ ዞሩ።

ስልኩ የጮኸው እነሱ ሻንጣ ቤት ቆመው ዚፕ እየሞከሩ ሳለ ነው። እህቱ ነበረች። እሱ በቋንቋው ሁለት ቃል ተናገረ። ከዚያ ባለሱቁ ፊት፣ ያ ሁሉ ቁመቱ ተጣጥፎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

በማግስቱ ለቀብሩ ብቻውን በረረ። «ቪዛሽ ሲወጣ ድረሺብኝ፤ ብቻዬን አልችለውም» ብሏት ሄደ። እሱ ከሄደ የሷ ይሰረዛል የተባለውን ሕግ ያኔ ያነሳ ማንም የለም።

ቪዛው ወዲያው ወጣ። መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርቱን ስትሰጣት «እንኳን ደስ ያለዎት» ልትል ጀምራ ጥቁር ልብሷን አየችና አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ... ባለቤትዎ ግን ደረሱላቸው አይደል? ያኔ እንዳልኩዎት ቀድመው ሄደው ነበር አይደል?»

«አዎ» አለች ላሚኔት፤ «ደረሰላት።»

ወጥታ አጥሩ ሥር ቆማ ደወለችለት። ድምፁ ጎርናና ሆኗል፤ የእናቱን ይመስላል። ቀብሩ ነገ ነው አላት። ዛሬ ብትነሳ እንደምትደርስም ነገራት። ከዚያ ያለቅስ ጀመር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አላት። «ሕግ ሕግ ብዬ ቀረሁ። መጨረሻ ላይ በሩን እያየች ነበር አሉኝ። አልተውም ግን፤ ለኤምባሲው አቤቱታ ጽፌያለሁ። ያቺን የመስኮቷን ልጅ ከሥራዋ አስነሳታለሁ። እናቴ ስትሞት እንዳልደርስ አንድ ሰው ነው የከለከለኝ፤ እሷ ናት።»

ላሚኔት አጥሩን በእጇ ያዘች። ዝም ብትል ኖሮ ዛሬ ማታ አውሮፕላን ላይ ነበረች፤ ነገ ከጎኑ ትቆም ነበር። ማንም አያውቅም ነበር። በተከፈተው በር በኩል መስኮቱን ዞራ አየች፤ ልጅቷ የአንዲት አሮጊት ፎርም እየሞላች ነው።

«እሷ አይደለችም» አለችው።

«ማ?»

«ልጅቷ ነግራኝ ነበር። መጀመሪያውኑ፤ ቀድመህ መሄድ እንደምትችል። እኔ ነኝ የደበቅኩህ። ሄደህ የምትቀር መሰለኝ።»

ከወዲያ በኩል የሳህን ድምፅ፣ የብዙ ሰው ንግግርና የባሕር ነፋስ ይሰማል። ቤቱ ዘመድ ሞልቶበታል።  እሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«ሁለተኛ ስጠይቅሽም?»

«ሁለተኛም።»

አልጮኸም፤ አልተሳደበም። ቢሰድባት በወደደች። እንደ ደከመ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ።

«አትምጪ» አላት።

«የኔ ጌታ፣ ለቀብሩ ብቻ...»

«አትምጪ» አለ ደግሞ፣ ቀስ ብሎ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ላሚኔት አጥሩ ሥር፣ ከሚጠብቁት ባሎችና እናቶች መሃል ቆማ ቀረች። አንዲት ሴት ፓስፖርቱን በእጇ አይታ «ተሳካልሽ? የታደልሽ!» አለቻት። ገልጣ አሳየቻት። ቪዛው ገና ብዙ ቀን ነበረው።